ከገበቴው ሥር የሚጻፍ ስም

ግሌንዴል በካርታ ላይ ስትታይ ዴንቨር የዋጠቻት፣ ግን ያላላመጠቻት ቁራሽ ትመስላለች። ስፋቷ አንድ ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአራቱም አቅጣጫ በዴንቨር ተከባ ሳለ ከ1952 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ራሷን የቻለች ከተማ ናት። የራግቢ ስታዲየም አላት፤ ቼሪ ክሪክ የሚባለው ወንዝ በመሐሏ ያልፋል። አብዛኛው ነዋሪዋ የሚኖረው በኪራይ አፓርታማ ነው። ጋራዥና ጓሮ ያለው ቤት የሚፈልግ ሐበሻ ትንሽ ሲደላው ወደ አውሮራ ይሻገራል። ግሌንዴል የሚቀረው ወይ አዲስ የመጣ ነው፣ ወይ ብቻውን የሚኖር።

እዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን የሚኖር አንድ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው አለ። ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳል። ባለፈው ዓመት ርዝመቱ አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ክብደቱ አርባ ኪሎ ገደማ የሆነ ያገለገለ የእንጨት ቶርኖ ገዝቶ በረንዳው ላይ ተከለ። ጎረቤት እንዳይረበሽ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ብቻ ያስነሳዋል። ከሥሩ የመኪና ጎማ ላስቲክ አንጥፎለታል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቶርኖ ምን እንደሆነ ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የወንበር ዘንግ የሚወጣበት መኪና ነው። ቃሉ የጣልያን ነው። ከመኪናው ሥር የሚጠረገው ሰጋቱራም እንዲሁ። መሮና ገበቴ ግን የራሳችን ናቸው። ይህ የቃላት ክፍፍል መጀመሪያ ሲያዩት ተራ ነገር ነው፤ ቶርኖ ቤት የሚሠራውን ሰው ሰፈሩ «ባለሙያ» ሲለው፣ በመሮና በመጥረቢያ ገበቴ የሚያወጣውን ምን ሲለው እንደኖረ እስኪያስታውሱ ድረስ።

እንጨቱ የተገኘው ከመንገድ ዳር ነው። በዴንቨርና በአካባቢዋ በየመንገዱ ጥላ የሚሆነው አሽ የሚባል ዛፍ ቀኑ እየመሸበት ነው። መነሻዋ እስያ የሆነች አረንጓዴ ጥንዚዛ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሚሺጋን ውስጥ ታየች፤ በ2013 ደግሞ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ ደረሰች። ዛፉን የምትገድለው ራሷ ሳትሆን እጮቿ ናቸው። ከቅርፊቱ ሥር እየቦረቦሩ ምግብ የሚመላለስበትን መንገድ ይቆርጡበታል። በሰሜን አሜሪካ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር አሽ በዚህ መንገድ ደርቋል። ስለዚህ ቤት ያላቸው ሰዎች አንዳንዱን ዛፍ በመርፌ ያሳክማሉ፣ ሌላውን ቀድመው ያስቆርጣሉ። ሰውየውም ከአንድ ቤት ደጅ ላይ «በነፃ ውሰዱ» ተብሎ ከተከመረ ጉማጅ ሁለት ፍልጥ በመኪናው ጭኖ ወሰደ። አሽ ከወይራ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ዕፅዋትን የሚያጠኑ ሰዎች ሁለቱን የሚመድቡት በአንድ ወገን ነው። ሽታው ግን የወይራ አይደለም፤ ለእንስራም ለጠላ ማሰሮም አይታጠንበትም።

ሙያውን ያሳየው አውሮራ የሚኖር ጡረተኛ አናጢ ነው። ሁለት ቅዳሜ ቤቱ ድረስ መጣለት። የመጀመሪያው ትምህርት መኪናውን ሳያስነሱ የሚሰጥ ነበር። የግማሽ ግንዱ ማዕዘን በመጋዝ ተቆርጦ ክብ ከሆነ በኋላ በብረት ሳህን ላይ በብሎን ይታሰራል። ከዚያ በእጅ ይዞራል፤ የመሮ ማሳረፊያውን የሚነካ ቦታ እንዳለ ይታያል። ፍጥነቱ ዝቅ ይላል። የፊት መከላከያ ይጠለቃል። መኪናው ሲነሳ ሰው በእንጨቱ ትክክል አይቆምም፤ ገለል ብሎ ነው የሚቆመው፤ ያልጠበቀ እንጨት ቢፈናጠር የሚሄደው በዚያ መስመር ነውና።

በእጅ ሲጠረብ እንጨቱ ተቀምጦ መሣሪያው ይመላለሳል። ጠራቢው ሲፈልግ ያቆማል፣ ያገላብጣል፣ ጉጥ ሲያገኝ ዙሮ ይመጣበታል። ቶርኖ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ መሮው ያርፋል፣ እንጨቱ ይመጣል። በደቂቃ ሰባት መቶ ጊዜ የሚዞር ያልተስተካከለ እንጨት ዳሩ አይታይም፤ እንደ ጥላ ነው። እጅ የሚያውቀው በዓይን ሳይሆን በድምፅና በመሮው እጀታ በኩል ነው። ጡረተኛው ደጋግሞ ያለው አንድ ነገር ነው፦ «መጀመሪያ የስለቱ ጀርባ እንጨቱን ይንካ፤ ከዚያ እጀታውን ቀስ ብለህ አንሳ፤ ስለቱ ራሱ መቁረጫውን ያገኛል።» ጀርባው ሳይደገፍ ስለቱ ቀድሞ የገባ እንደሆነ መሮው ይነክሳል። አንድ ጊዜ ነክሷል። ክቡ እንጨት ከብሎኑ ተነቅሎ የበረንዳውን ብረት መታና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሁለቱም ዝም ብለው አዩት፤ ጡረተኛው አንስቶ እንደገና አሰረው።

ጀርባው ካማረ በኋላ ከሥሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አጭር እግር ይተዋል። ገበቴው ተገልብጦ በዚህ እግር አራት ጥርስ ባለው መያዣ ይነከሳል፤ ከዚያ ሆዱ ይቦረቦራል። ከጫፍ ወደ መሐል ነው የሚኬደው። እርጥብ አሽ በተሳለ መሮ ሲቆረጥ ፍቅፋቂው እንደ ረጅም ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ ክንድ ላይ፣ ጺም ላይ፣ ጫማ ውስጥ ይገባል። ሲያልቅ ግድግዳው ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት እንዲቀረው ተደረገ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ የሚሸበሸበውም እኩል አይደለም፤ በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ ያለው ከመሐል ወደ ዳር ካለው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ክብ የነበረው እንቁላል ቅርጽ ይይዛል ማለት ነው። ወፍራም ከተተወ ከወራት በኋላ እንደገና ታስሮ ክብ ይደረጋል። ዴንቨር ደግሞ 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ደረቅ አገር ናት፤ እርጥብ እንጨት በሁለት ቀን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገበቴው በራሱ ፍቅፋቂ ተሞልቶ በወረቀት ከረጢት ታሸገ፤ ቁምሳጥን ውስጥ አምስት ወር ተቀመጠ።

በሁለተኛው ዙር ሁሉም ነገር ቀለለ። ግድግዳው ስምንት ሚሊ ሜትር እስኪቀር ተቆረጠ፤ ከሸካራ እስከ ለስላሳ አምስት ዓይነት የብርጭቆ ወረቀት ዞረበት፤ የተልባ ዘይት ተቀባ። የተልባ ዘይት አየር ሲነካው ጠጥሮ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ እንጨት የሚቀባውም ለዚህ ነው። የአሹ ቃጫ ዘይቱን ጠጥቶ የማር ቀለም አወጣ። ጡረተኛው ገልብጦ አየው፤ ገልብጦ መለሰለት። «አሁን ስምህን ጻፍበት» አለው።

ይህ በአሜሪካ ቶርነኞች ዘንድ የተለመደ ነው። ገበቴ ሲያልቅ ከሥሩ የሠሪው ስም፣ የእንጨቱ ዓይነትና ዓመተ ምሕረቱ ይጻፋል። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመ አገር አቀፍ ማኅበር አላቸው፤ መጽሔት ያወጣሉ፣ ዐውደ ርእይ ያሳያሉ። ጄምስ ፕሬስቲኒ የተባለ አሜሪካዊ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቶርኖ ያወጣቸው ስስ ገበቴዎች ኒው ዮርክ ባለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ በስሙ ይገኛሉ። ጡረተኛው ብዕሩን ሲያቀብለው ትልቅ ነገር ያቀበለው አልመሰለውም። ሰውየው ግን «ዘይቱ ይድረቅ» ብሎ ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

ዘይቱ በአንድ ሳምንት ደረቀ። ስሙ ሳይጻፍ ሁለት ወር አለፈ።

እናቱ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ነው የሚኖሩት። ተወልደው ያደጉት ቸሃ፣ እምድብር አጠገብ ነው። ስለ ገበቴው የነገረቻቸው እህቱ ናት፤ ፎቶም አሳይታቸዋለች። እሑድ ሲደውል ሰላምታ እንኳ አላስጨረሱትም።

«እንጨት ትጠርባለህ አሉኝ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እማዬ።»

«ሥራ ፈተህ ነው?»

«አይደለም። ለመዝናናት ነው። እዚህ ዶክተሩም ዳኛውም ይሠራዋል።»

ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቤት ውስጥ ብቻቸውን እያሉ፦ «ይሁን። ግን ልጄ፣ ለሰው አታውራ።»

ይህን ዝግታ ለመረዳት ወደ ጉራጌ የቤት ደጃፍ መመለስ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ በ1966 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የጉራጌ ጥናት የእንጨት ሠራተኞቹን፣ የብረት ቀጥቃጮቹንና የቆዳ ፋቂዎቹን ኑሮ መዝግቧል። የእንጨት ሠራተኞቹ «ፉጋ» ይባሉ ነበር። ቃሉ ስድብ ሆኖ ስለኖረ ዛሬ የሚጠሩበት ብዙዎቹ አይወዱትም፤ እዚህም የተጻፈው የተባለውን ለመንገር ብቻ ነው። መሬት አልነበራቸውም። እንሰቱ መካከል ከገቡ አፈሩ ፍሬውን ያጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ካልተጠሩ በቀር ወደ ሰው ግቢ አይገቡም። ታዲያ ያ ክቡ የጉራጌ ቤት ሲሠራ መሐል ምሶሶውን ለማቆም የግድ እነሱ ያስፈልጋሉ። ቤቱ የቆመው ቤቱ ውስጥ እንዲቀመጡ በማይፈቀድላቸው ሰዎች እጅ ነው።

ጉራጌን ብቻ ለይቶ መክሰስ ግን ሐሰት ይሆናል። ጎጃምም፣ ጎንደርም፣ ሸዋም፣ ከፋም ለሠሪው የየራሳቸው ስም ነበራቸው፤ ጠይብ፣ ቡዳ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ አገር አቀፍ ስለነበረ ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ በንግዱ ሁልጊዜ ተጎጂ እንደሚሆን አስረዱ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ደግሞ በእጁ ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። ሦስቱም ትክክል ነበሩ። ሦስቱም ግን የእናትን ድምፅ ዝቅ ከማለት አላስቀሩትም።

የሚያስገርመው እናቲቱ ገበቴ ማክበራቸው ነው። ኮልፌ ያለው ቤታቸው ውስጥ ከአባታቸው ቤት ይዘውት የመጡት የዋንዛ ገበቴ አለ። ጫፉ ተሰንጥቆ በሽቦ ተሰፍቷል። ሊጥ ተቦክቶበታል፣ እግር ታጥቦበታል፣ ለመስቀል ቅቤ ተነጥሮ ተገልብጦበታል። ፕላስቲክ ሳህን ገበያውን ከሞላ በኋላም አልጣሉትም። ዕቃው ከሳሎን እስከ ጓዳ የማይገባበት የለም። እንደ ነውር የሚታየው ሠሪው ነው። አንድ እጅ የነካው ገበቴ ከመሶቡ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ያ እጅ ራሱ ከመሶቡ ይከለከላል። ይህ እንዴት በአንድ ቤት፣ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተስማምቶ ይኖራል ቢባል፣ መልሱ ምናልባት ይህ ነው፦ ሠሪው ከገበቴው እንዲለይ ስሙ እንዳይታወቅ ተደርጓል። ስም የሌለው ሰው የሠራው ዕቃ ከዛፍ የወረደ ያህል ነው።

ብራና ላይ የሚጽፈው ጸሐፊ ሥራውን ሲጨርስ «በጸሎታችሁ አስቡኝ» ብሎ ብዙ ጊዜ ስሙን ያኖራል። በገድሉ መጨረሻ፣ በመዝሙረ ዳዊቱ ጀርባ እናገኘዋለን። ያንን መጽሐፍ የሚሸከመውን አትሮንስ የጠረበው ሰው ግን የለም። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ሙዚየሞች የሄዱት የኢትዮጵያ የእንጨት ዕቃዎችም አብዛኛውን ጊዜ ከሥራቸው የሚነበበው የብሔረሰብ ስም፣ «እንጨት» የሚል ቃልና ግምታዊ ዘመን ነው። አገሩ ያላስታወሰውን ስም ሰብሳቢው አልጠየቀም። ጠይቆ ቢሆንስ ማን ይነግረው ነበር?

ሰውየው ጠየቀ። በሚቀጥለው እሑድ ሲደውል ስለ ዋንዛው ገበቴ አነሳ።

«ማን ነው የሠራው?»

«እነሱ ናቸዋ።»

«እነሱ ማን?»

«አንተ ደግሞ! እነዚያ... እንጨት የሚሠሩት።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«ስሙን ማን ይጠይቀዋል?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው የነገሩት። ሰውየው ስንት በግ እንደታረደ፣ ገበቴው የመጣበት ዓመት ድርቅ እንደነበር፣ ዋንዛው ከየትኛው ዳገት እንደተቆረጠ፣ አባታቸው ምን ያህል እህል እንደከፈሉበት ያውቃሉ። ስሙን ብቻ ነው የማያውቁት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ። ከገጠር ለሕክምና የመጡ የዕድሜ እኩያቸውን ጠይቀው ኖሯል። ስሙን አገኙት። የአባቱን ስም አይደለም፤ የእሱን ብቻ። ሲነግሩት ቀስ ብለው፣ ፊደል እንደሚያስቆጥሩ ሆነው ነበር። ቀጥለውም ያልተጠየቁትን ነገሩት፦ የሰውየው የልጅ ልጆች ከተማ ገብተዋል፣ ተምረዋል፣ አንዷ ትልቅ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ የማን ዘር እንደሆኑ የሚያውቅ ጎረቤት የላቸውም። «ስለዚህ» አሉት፣ «አደራህን፣ የትም እንዳትጽፈው።»

ከዚህ በፊት ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ስሙ የተሰረቀ ሰው ስሙ ይመለስለት፤ ገበቴ ሁሉ ከሥሩ ይፈረምበት። አሁን ግን አንድ የአያት ስም ቢጻፍ፣ ስድቡ የሚያርፈው ሙታን ላይ ሳይሆን ቢሮ ገብታ ሻይ ከባልደረቦቿ ጋር የምትጠጣ ሴት ላይ ነው። ለእሷ ዝምታው ውርደት አይደለም፤ መሸሸጊያ ነው። ስም ማኖር መብት የሚሆነው ስሙ ሲነበብ ምንም የማይደርስበት ሰው ዘንድ ነው። ፕሬስቲኒ ያን መብት ይዞ ነው የተወለደው። ግሌንዴል በረንዳ ላይ የቆመው ሰውም አግኝቶታል፤ ያገኘው ግን አገሩ ስለተለወጠ አይደለም፣ እሱ ከአገሩ ስለወጣ ነው። በስደት የእጅ ሥራ «ትርፍ ጊዜ» ተብሎ ይጠራል። ያ ስም ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ የሆነው ግን ማንም ምን እንደነበረ ስለማያውቅ ነው።

ያም ሆኖ እጁ አንድ ነገር ተምሯል፤ የተማረውንም ሊረሳው አይችልም። የስለቱን ጀርባ ማሳረፍ፣ ጉጡን ቀድሞ መስማት፣ እርጥቡ ወዴት እንደሚሸበሸብ ማወቅ። ሞተር፣ አራት ጥርስ ያለው መያዣና መብራት ይዞ ይህን ለመማር ወራት ፈጅቶበታል። ስሙ ሊጻፍ የማይችለው ሰው ያንን የዋንዛ ገበቴ ያወጣው ዳገት ላይ ተቀምጦ፣ ጉማጁን በእግሮቹ መካከል ይዞ፣ በመጥረቢያና በመሮ ነው። ግድግዳው ዙሪያውን አንድ ውፍረት ነው። እህቱ በመለኪያ ለክታ ልካለታለች።

በመጨረሻ ብዕሩን አወጣ። ከአሹ ገበቴ ሥር የራሱን ስም፣ «ግሌንዴል» የሚለውን ቃልና ዓመተ ምሕረቱን በአማርኛ ጻፈ። ከስሙ በላይ አንድ መስመር ባዶ ተወ። አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ለእናቱ ላከው።

ደርሷቸዋል። ቡና ሲፈላ ቆሎ ያቀርቡበታል፤ የዋንዛው አጠገብ ነው የሚያስቀምጡት። የባዶውን መስመር ነገር ጠይቀውት ነግሯቸዋል፤ «ይሁን» ብለዋል። ለቡና የሚመጡት ጎረቤቶች ግን ከየት እንዳገኙት ሲጠይቋቸው መልሳቸው አልተለወጠም፦ «ልጄ ነው፣ ከአሜሪካ ገዝቶ የላከልኝ።»